ሐረር ላይ ሱቅ፦ አስፋልቱ ዳር ወይስ ጀጎል ውስጥ?

ሐረር ላይ ሱቅ ሊከፍት ያሰበ ሰው ሁለት ምርጫ አለው። ከሐረር በር ወጥቶ ወደ ድሬዳዋ የሚወስደው ዋና አስፋልት ዳር ወይስ ጀጎል በሚባለው በግንብ የታጠረ አሮጌ ከተማ ውስጥ?

መንገዱ፦ አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀጎልን ሲያስገነቡ መኪና የሚባል ነገር የለም። አምስቱ የጥንት በሮች ለእግረኛና ለጭነት ከብት ነበሩ። የሐረር በር ግን ኋላ ለመኪና ተብሎ የተከፈተ ነው። ዛሬ ወደ አወዳይ፣ ሐሮማያና ድሬዳዋ የሚሄደው መኪና የሚወጣው በዚሁ በኩል ነው።

ዕቃ ማስገባት፦ አስፋልቱ ዳር አይሱዙ ደጅህ ድረስ መጥቶ ያራግፋል። ጀጎል ውስጥ መኪና እንደልብ የሚሄደው ከበሩ እስከ ፈረስ መጋላ አደባባይ ነው። ከዚያ ወዲያ ወይ ወዛደር ነው ወይ አህያ። ሲሚንቶ ለመሸጥ ጀጎል መግባት፣ ለእኔ፣ ራስን ማድከም ነው።

ደንበኛ፦ አስፋልቱ ዳር መንገደኛው ይበዛል። ውሃ ገዝቶ ይሄዳል፣ ነገ አታየውም። ጀጎል ግን ሰው አስቦበት ይመጣል። መኪና ግርግር ወደሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ብትወርድ ሰፊዎቹ ሲንጀር የስፌት መኪናቸውን ደጃፍ ላይ ደርድረዋል። ጨርቁን ከጎን ሱቅ ትገዛለህ፣ እዚያው ተለክተህ ታሰፋለህ።

ስጋት፦ ዋና መንገድ ሲሰፋ ዳር ያለው ሱቅ ሊነሳ ይችላል። ጀጎል ደግሞ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ ቅርስ ነው፤ እንዳሻህ ግድግዳ አፍርሰህ መስታወት አትገጥምም።

ጎማ፣ የግንባታ ዕቃ ወይም ምግብ ቤት ከሆነ አስፋልቱ ይሻላል። ጨርቅ፣ ቅመምና የብር ጌጥ ከሆነ ጀጎል። ጫት? እሱ የትም ገዢ አያጣም።