ለጊዜያዊ ክራውንና ብሪጅ ምን እንግዛ? ዱቄትና ፈሳሽ፣ ካርትሪጅ፣ ዲስክ ወይስ ፕሪንተር

ለጊዜያዊ ክራውን፣ ማለትም ዋናው እስኪደርስ የተሞረደ ጥርስ ላይ ለሚጠለቅ ሽፋን፣ ማቴሪያል የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚያየው የማሸጊያውን ዋጋ ነው። ከዋጋው በፊት ግን ሁለት ነገር መጠየቅ አለበት፤ ሥራው አፍ ውስጥ ስንት ጊዜ ይቆያል? ስንት ጥርስስ ያያይዛል? ለአንድና ለሁለት ሳምንት የሚቆይ ነጠላ ክራውን እና ድድ እስኪድን ለወራት የሚቀመጥ ባለ አራት ጥርስ ብሪጅ (የጎደለ ጥርስ ቦታ ለመሙላት ተያይዞ የሚሠራ) በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ዕቃ የሚገዛ ክሊኒክ ወይ ገንዘቡን ያባክናል፣ ወይ ታካሚው የተሰበረ ብሪጅ ይዞ ይመለስበታል።

ለክራውን የተሞረደ ጥርስ ኢናሜሉን (ጠንካራ የውጭ ሽፋኑን) አጥቶ ዴንቲኑ (ከሥሩ ያለው ስሜት ያለው ክፍል) ተጋልጧል። በደንብ ካልተሸፈነ ለቀዝቃዛና ለትኩስ ይነዝራል፤ ጎረቤቶቹ ወደ እሱ ይጠጋሉ፤ ከላይ ወይም ከታች የሚገጥመው ጥርስ ወደ ክፍተቱ ይወጣል። ዋናው ክራውን ከላብ (ከጥርስ ላቦራቶሪ) ሲመጣ ታዲያ አልገባም ይላል፤ ጥፋቱም ምንም ሳያጠፋ በቴክኒሻኑ ላይ ይጣላል። ስለዚህ የምንመርጠው ማቴሪያል ጠርዙ በትክክል የሚገጥም፣ ጥርሱን ሳይነቃነቅ የሚያቆይ፣ ድዱንም የማያስቆጣ መሆን አለበት።

ለረጅም ዘመን ያገለገለው ዱቄትና ፈሳሹ አክሪሊክ ነው፤ ሙሉ ስሙ ፖሊሜቲል ሜታክሪሌት ሲሆን በምህጻር ፒኤምኤምኤ ይባላል። ጠንካራ ነው፣ ሲወለወል ያበራል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ መጨመር ይቻላል፤ ጠርዙ ካጠረ ትንሽ ዱቄትና ፈሳሽ ታክሎበት ይስተካከላል፣ የተሰበረ ብሪጅም እዚያው ወንበሩ አጠገብ ይጠገናል። በአንድ ማሸጊያ ብዙ ሥራ ስለሚሠራም ለነጠላ ክራውን ሲሰላ ከካርትሪጅ ያነሰ ወጪ ይጠይቃል።

ችግሩ ሙቀቱና መኮማተሩ ነው። ንጹሕ ሞኖመር (ፈሳሹ ብቻውን) ሲጠነክር በይዘቱ 21 በመቶ ገደማ ይኮማተራል፤ በተለመደው የሦስት ለአንድ ልክ ከዱቄት ጋር ሲቀላቀል ወደ 7 በመቶ ይወርዳል። እሱም ቢሆን ጠርዙን ከጥርሱ ለማራቅ ይበቃል። ሙቀቱን በተመለከተ፣ ዛክ እና ኮኸን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1965 ባሳተሙት ሥራ በዝንጀሮ ጥርስ ውስጥ ያለው ነርቭ ሙቀቱ በ5.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር ከጥርሶቹ 15 በመቶ ያህሉ ነርቫቸው ሞቶ አግኝተዋል። ቁጥሩ በቀጥታ ለሰው ጥርስ ባይገለበጥም አክሪሊክን አፍ ውስጥ እስከ መጨረሻው ድረስ እንዲጠነክር መተው ለምን እንደማይገባ ያሳያል። ሊጡ እንደ ጎማ ሲሆን ማውጣት፣ መልሶ ማስገባት፣ ውሃ መርጨት ያስፈልጋል። ሲወጣና ሲገባ ሌላም ጥቅም አለ፤ አክሪሊኩ በአጠገብ ጥርሶች ሥር ባለው ጎድጓዳ ስፍራ ገብቶ እንዳይቆለፍ ይከላከላል። ቅርጽ የሚሰጠው ማተሚያ ከሲሊኮን ወይም ከአልጂኔት ከሆነ ሙቀቱን ከስስ ፕላስቲክ ሽፋን ይልቅ ይቀበላል፤ ትንሽ የምትመስል ግን ለነርቭ ትልቅ ልዩነት ናት።

ሽታውንም መርሳት የለብንም። ክፍሉ አየር ካልተዘዋወረበት ታካሚውም፣ ረዳቷም፣ ሐኪሙም ይጎዳሉ። ፒኢኤምኤ (ፖሊኤቲል ሜታክሪሌት) የሚባለው የአክሪሊክ ቤተሰብ አባል ሙቀቱም መኮማተሩም አነስ ይላል፤ ነገር ግን ቶሎ ይበላል፣ ቀለምም ይይዛል። ለኋላ ጥርስ ብሪጅ አልመርጠውም።

በሌላው ወገን ያለው ቢስአክሪል ነው፤ ፕሮቴምፕና ሉክሳቴምፕ በሚሉ ስሞች ብዙዎች ያውቁታል። በካርትሪጅ ይመጣል፣ በመጭመቂያ ሲገፋ ጫፉ ላይ ራሱ ይቀላቀላል። ልኬቱ በሰው ዓይን ስለማይወሰን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሊጥ ይወጣል፤ የአየር አረፋም ያንሳል። ሙቀቱ ዝቅተኛ፣ መኮማተሩ ትንሽ፣ ሽታው ቀላል ነው። ሥራ የበዛበት ክሊኒክ በነጠላ ክራውን ላይ የሚቆጥበው ጊዜ የካርትሪጁን ዋጋ ብዙ ጊዜ ይመልሳል።

ታዲያ ለምን ሁሉም ሰው ወደ ቢስአክሪል አይሄድም? አንደኛ፣ ተሰባሪ ነው። ሲጫን ከመታጠፍ ይልቅ ይሰነጠቃል፤ ረጅም ብሪጅ ላይ በተለይ ጥርስን ከጥርስ የሚያያይዘው ማገናኛ ቀጭን ከሆነ ይህ በፍጥነት ይታያል። ሁለተኛ፣ ጥገናው ሌላ ዕቃ ይጠይቃል፤ ብዙውን ጊዜ የሚጨመርበት በብርሃን የሚጠነክር ፈሳሽ ኮምፖዚት (የጥርስ መሙያ) ነው። ሦስተኛ፣ በእያንዳንዱ ሥራ ጫፉ ውስጥ የሚቀረው ማቴሪያል ይጣላል። ካርትሪጁ ስንት ክራውን እንደሚሠራ ስታሰሉ ጫፍ ውስጥ የሚቀረውንም፣ የጫፎቹን ዋጋም አብራችሁ አስሉ፤ ይህ ሒሳብ ውስጥ የማይገባ ግን በየወሩ የሚከፈል ወጪ ነው። ከጠነከረ በኋላ ኦክስጅን ያላስጠነከረው ተጣባቂ ገጽ ይቀርበታል፤ በአልኮል ይጠረግ። ሳይጠረግ ከተተወ ቀለም ይይዛል፣ ለመወልወልም ያስቸግራል።

ሁለቱም ማቴሪያሎች የሚጋሩት አደጋ አለ። ጥርሱ በዚያው ዕለት በኮምፖዚት ከተሞላ ጊዜያዊው ክራውን ሙሌቱ ላይ ሊጣበቅ ይችላል፤ ቀድሞ ስስ ቫዝሊን መቀባት ያድናል። የሲሊኮን ማተሚያ በእጅ ስትለውሱ ደግሞ የላቴክስ ጓንት አውልቁ፤ በላቴክሱ ውስጥ ያለው ድኝ ሲሊኮኑ እንዳይጠነክር ያደርገዋል። ብዙ ሰው ሲሊኮኑ ተበላሽቷል ብሎ ጥሩ ዕቃ ይጥላል።

ተዘጋጅተው የሚሸጡ ክራውኖች ለድንገተኛ ቀን ጥሩ ናቸው። ከፖሊካርቦኔት የተሠሩት የጥርስ ቀለም ስላላቸው ለፊትና ለትንንሽ መንጋጋ ጥርሶች ይሆናሉ፤ ለኋላ የአሉሚኒየም ቅርፊት አለ። ሁለቱም ውስጣቸው በአክሪሊክ ካልተሞላ ጠርዛቸው አይገጥምም፤ ለብሪጅም አያገለግሉም። አንድ ሳጥን በመደርደሪያ ይኑር፤ ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

አሁን ወደ ማሽኖቹ። በኮምፒውተር በሚመራ ማሽን ከፒኤምኤምኤ ዲስክ የሚፈለፈል ክራውን በፋብሪካ ግፊትና ሙቀት አስቀድሞ የጠነከረ ስለሆነ አረፋ የለበትም፤ ያልጠነከረ ሞኖመርም በጣም ጥቂት ነው፤ አፍ ውስጥ ደግሞ ሙቀት አያወጣም። እንደ ቴሊዮ ካድ ያሉት ዲስኮች ለወራት እንዲቆዩ የተሠሩ ናቸው። ድድ ወይም ኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር) እስኪድን ለሚጠበቅበት፣ የመንከሻ ከፍታ ለሚቀየርበት ሥራ ከሁሉ የምተማመነው በዚህ ነው። ፋይሉ ስለሚቀመጥ ቢሰበር ያው ቅርጽ እንደገና ይፈለፈላል። ማሽኑን ለመግዛት ግን አትቸኩሉ፤ ስካን አድርጎ ወደ ላብ መላክ ለአብዛኛው ክሊኒክ ይበቃል። ብዙ ማሽኖች ዲያሜትሩ 98 ሚሊሜትር የሚጠጋ ዲስክ ይቀበላሉ፤ ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት የራሱን ብራንድ ዲስክ ብቻ እንደማያስገድዳችሁ አረጋግጡ።

ፕሪንተር ከመፈልፈያ ማሽን ያነሰ ዋጋ አለው፤ በአንድ ዙርም ብዙ ክራውን ያወጣል። የሚያታልለውም እዚህ ላይ ነው። ከማሽኑ የወጣው ክራውን ገና አልተጠናቀቀም፤ በአይሶፕሮፒል አልኮል መታጠብ፣ መድረቅ፣ ከዚያም ሪዚኑ (ፕሪንተሩ ክራውኑን የሚሠራበት ፈሳሽ) በሚፈልገው ብርሃንና ለታዘዘለት ጊዜ በማጠንከሪያ ሣጥን ውስጥ መቀመጥ አለበት። ይህ ከተቻኮለ ያልጠነከረ ሞኖመር ድድ ላይ ይቀራል፣ ጥንካሬውም ይወርዳል። ሪዚኑ 385 ወይም 405 ናኖሜትር ብርሃን እንደሚፈልግ ከፕሪንተሩ ጋር አመሳክሩ። ለሞዴል የተሠራ ሪዚን ርካሽ ስለሆነ ብቻ በሰው አፍ ውስጥ መግባት የለበትም፤ ማሸጊያው ላይ ለጊዜያዊ ክራውንና ብሪጅ ተብሎ ካልተፈቀደ አትግዙት።

ስለ ብሪጅ አንድ ነገር ለብቻው ልበል፤ የሚሰበረው በማቴሪያሉ ብቻ ስላልሆነ። በሁለት ጥርስ መካከል የተዘረጋ ብሪጅ በወንዝ ላይ እንደተጋደመ ግንድ ነው፤ ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ሲጫን የሚጎብጠው ስምንት እጥፍ ይሆናል። በተቃራኒው ውፍረቱ ከላይ ወደ ታች እጥፍ ቢደረግ ጉብጠቱ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ስለዚህ ማገናኛውን ወደ ጎን ከማስፋት ወደ ላይ ማስረዘም የበለጠ ያጠነክራል፤ ድዱ እንዲጸዳ ግን ከሥሩ ቦታ ይተው። ባለ ሦስት ጥርስ ብሪጅ ለጥቂት ሳምንት ከሆነ ቢስአክሪል ይበቃል። ከዚያ ከረዘመ ወይም ከዘገየ ዱቄትና ፈሳሹን በመስታወት ወይም በፖሊኤቲሊን ፋይበር አጠናክሩት፤ የተሻለው ግን ከዲስክ ማስፈልፈል ነው።

ለትንሽ ክሊኒክ የምመክረው ግዢ አንድ የቢስአክሪል ካርትሪጅ፣ ለጥገናውም ፈሳሽ ኮምፖዚት፣ አንድ ትንሽ የፒኤምኤምኤ ማሸጊያ ለረጅም ብሪጅና ለጥገናው፣ ጥቂት የፖሊካርቦኔት ክራውን፣ ከዚህም ጋር የሚፈለፍል ላብ ነው። ፕሪንተር የሚገዛው በየሳምንቱ ብዙ ሥራ ያለውና የማጠብና የማጠንከር ሥራውን በኃላፊነት የሚይዝ ሰው ያለው ነው።

የማጣበቂያ ሲሚንቶውንም በዚያው ትዕዛዝ ላይ ጻፉ። ከቅርንፉድ ዘይት የሚገኘው ዩጀኖል ያለበት ዚንክ ኦክሳይድ ጥርሱን ያረጋጋል፤ ሆኖም አክሪሊኩን ሊያለሰልስ ይችላል፣ ሪዚንም በደንብ እንዳይጠነክር ያደርጋል። ዋናው ክራውን በሪዚን ሲሚንቶ የሚጣበቅ ከሆነ ዩጀኖል የሌለውን ግዙ። የተሞረደው ጥርስ አጭር ሆኖ ክራውኑ ቶሎ ቶሎ የሚወድቅ ከሆነ ደግሞ ፖሊካርቦክሲሌት ይበልጥ ይይዛል።