ቲኤልኤ ፕላስ፣ ኤፍዲአር ወይስ ኤምሲአርኤል2፦ ለቡድናችሁ የቱ ይሻላል?

ብዙ ሰርቨሮች የሚነጋገሩበት ሲስተም የምትሠሩ ከሆነ ኮድ ሳይጻፍ ዲዛይኑን በሞዴል፣ ማለትም የሲስተሙን አሠራር በሚገልጽ የሂሳብ ንድፍ፣ መፈተሽ ብዙ ጣጣ ያስቀራል። ርእሱ ላይ ያሉት ሦስቱም ለዚህ የሚያገለግሉ መሣሪያዎች ናቸው። መሣሪያውን ስትመርጡ ግን ከዝናው ሳይሆን በጣም ከምትፈሩት ስህተት ተነሱ።

የምትፈሩት የዳታ መዛባት ከሆነ ያለ ማመንታት ቲኤልኤ ፕላስን ውሰዱ። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ የሌስሊ ላምፖርት ሥራ ነው፤ መሠረቱ ሎጂክ ነው፣ ክፍያም የለውም። ገንዘብ ማስተላለፊያ እየሠራችሁ ነው እንበል። ደንበኛው ብር ላከ፣ ኔትወርክ ተቋረጠ፣ መልስ ሲያጣ ደግሞ ላከ። «አንድ ትእዛዝ ሁለት ጊዜ አይቀነስም» የሚለውን ሕግ በቀመር ትጽፋላችሁ። ቲኤልሲ የተባለው ፈታሽ በሞዴሉ ውስጥ ሊፈጠሩ የሚችሉትን ሁኔታዎች አንድ በአንድ ያስሳል፤ ሕጉ ከተጣሰ እዚያ ያደረሰውን መንገድ ከነቅደም ተከተሉ ያወጣላችኋል። የአማዞን መሐንዲሶች ዳይናሞዲቢ በተባለው ዳታቤዛቸው ላይ በዚህ መንገድ ካገኟቸው ስህተቶች የአንዱ አጭሩ መንገድ 35 እርምጃ ነበረው። ይህን በተለመደው ቴስት አገኛለሁ ማለት ዘበት ነው።

ጭንቀታችሁ የመልእክት ልውውጡ ከሆነ ግን የፕሮሰስ ካልኩለስ ወገን ይበልጣል፤ ይህ ጎን ለጎን የሚሠሩ ክፍሎች እንዴት እንደሚነጋገሩ በሂሳብ የሚገለጽበት ዘዴ ነው። ኤፍዲአር የኮምፒውተር ሳይንቲስቱን የቶኒ ሆርን ሲኤስፒ፣ ከእነዚህ ዘዴዎች አንዱን፣ ይዞ ዲዛይናችሁን ከተፈቀደው ባህርይ ጋር ያስተያያል፤ ከዚያ ያፈነገጠች አንዲት ድርጊት ካለች ይይዛታል። የኒድሃምና የሽሮደር የማንነት ማረጋገጫ ፕሮቶኮል እ.ኤ.አ. በ1978 ወጥቶ ለዓመታት ደህና ሲባል ኖሯል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ጋቪን ሎው ቀዳዳውን አገኘና በኤፍዲአርም አሳየው፦ አጥቂው አንዱ ወገን የጀመረለትን ንግግር ወደ ሌላው እያስተላለፈ በጀማሪው ስም ይቀርባል። መፍትሔው ሁለተኛው መልእክት ላይ የመላሹን ስም መጨመር ብቻ ነበር። ፕሮቶኮል ለሚነድፍ ሰው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ዋጋው ላይ ግን ቆም በሉ። ኤፍዲአር ለትምህርትና ለምርምር ነጻ ነው፤ ለንግድ ፈቃድ ይገዛል። በጀት ከሌለ ከኔዘርላንድስ የአይንድሆቨን ዩኒቨርሲቲ የወጣው ኤምሲአርኤል2 አለ፤ እሱም ከፕሮሰስ ካልኩለስ ወገን ነው፣ ለድርጅትም ክፍት ነው። የምትፈትሹትን ጥያቄ የምትጽፉበት ሙ-ካልኩለስ የተባለው የሎጂክ ቋንቋ ግን ለጀማሪ ይከብዳል፤ ለመማሪያ በቂ ጊዜ መድቡ።

«መልሱ በ5 ሚሊሰከንድ ውስጥ ይድረስ» ዓይነት የሰዓት ገደብ ያለበት ሥራ ከሆነ ደግሞ አፓል የተባለውን ሌላ የመፈተሻ መሣሪያ ተመልከቱ፤ የተሠራው ለዚሁ ነው። እሱም ለንግድ ሲሆን ፈቃድ ይጠይቃል።