የድንጉላችንን ጋጣ ለሠራልን አናጢ

እንጅባራና አካባቢው ፈረስ ያላችሁ፣ ይህችን አንብቡልኝ። የአጎቴን ድንጉላ (ያልተኮላሸ ወንድ ፈረስ) ጋጣ አፍርሶ እንደ አዲስ የሠራልንን አናጢ ላመሰግን ነው። በዚያውም ልጠቁማችሁ።

በእኛ አገር ድንጉላ ለብቻው ይታሰራል። ከወንድ ጋር ከተጠጋ ይናከሳል፣ ይራገጣል ይባላል። የአጎቴም ፈረስ የሚያድረው እስከ ጣሪያ በጭቃ በተመረገ ጨለማ ክፍል ነበር። በሩ ላይ ቆሞ ግራ ቀኝ ሲወዛወዝ ይውላል። የበሩን እንጨት ግጦ ጨርሶታል። ጎረቤት «ዓይን ነው» አለ። የእንስሳት ሐኪሙ ግን ሳቁና «ብቸኝነት ነው» አሉን። ፈረስ የመንጋ እንስሳ ነው። ተለቀው በሚኖሩ ፈረሶች ዘንድ ባዝራ ያላገኙት ወንዶች እንኳ ተሰባስበው አብረው ነው የሚኖሩት። ስዊዘርላንድ፣ አቫንሽ ያለው የመንግሥት የፈረስ ማርቢያ ድንጉላዎችን በአንድ መስክ ለቆ ሞክሮታል፤ ጠቡ ጥቂት ቀን ቆይቶ በረደ። በሕጋቸውም እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ፈረስ ሌላ ፈረስ ማየት፣ መስማትና ማሽተት አለበት።

አናጢው ይህን ሲሰማ አልተከራከረም። ጋጣውን ለሁለት ፈረስ ከፈለው። የመሃሉን ግድግዳ እኩሌታ ድፍን አደረገው፤ አንዱ ሲሰለቸው ዞር ይበልበት ብሎ። የቀረውን ባህር ዛፍ በቁመቱ ደረደረበት፤ ራስና አንገት ያሳልፋል፣ ትከሻ አያሳልፍም። እያንዳንዱን እንጨት ልጦ፣ ሞርዶ፣ በመዳፉ ይዳብሳል። የሚስማር አናት ብቅ ካለ እንደገና ይመታዋል። የመኖ ገንዳዎቹን ማዶ ለማዶ ጥግ አስያዛቸው፣ በምግብ እንዳይጣሉ።

የጎረቤት ድንጉላ የገባ ቀን ጉድ ነበር። ማሽካካቱ፣ እርግጫው! ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። አሁን በአጥሩ መሃል አንገታቸውን አሾልከው አንዱ የሌላውን ጋማ በጥርሱ ያክለታል። መወዛወዙ ቀንሷል፤ ጨርሶ ግን አልተወውም። ሐኪሙም አንዴ ከለመደ ቶሎ አይለቅም ብለውን ነበር።

ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የፈረሰኞች ማህበር ያለን ሰዎች፣ ለኮርቻና ለጌጥ ከምናወጣው ሩቡን ለጋጣ ብናወጣ ምን አለበት?

አናጢው አንድ ጉድለት አለበት፤ ስልክ ቶሎ አያነሳም። ዋጋው ግን ደህና ነው፣ አልተጫነንም። ቁጥሩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ለጥር 23ቱ የፈረሰኞች በዓል ይድረስልኝ የምትሉ ከመስቀል በፊት ያዙት። አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ቤት የሚሠራው ሰው ሁሉ እሱን ነው የሚሻማው።