ከጎጃም ዋሽንግተን፦ በየት በኩል ይሻላል?

አክስቴ ከደብረ ማርቆስ ዋሽንግተን ልጇ ዘንድ ልትሄድ ነው። ቲኬት የማማረጡ ሥራ ለእኔ ደረሰ። መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ስንት ሰዓት ነው የምቀመጠው?» ብላ ነው። ኪሎ ሜትሩ ግድም አልሰጣት።

ከቦሌ ዋሽንግተን ደለስ አየር ማረፊያ በቀጥታ መስመር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በኢስታንቡል ሲዞሩ 12,100 አካባቢ ይሆናል። በዱባይ ግን መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ ስለሚኬድ ወደ 13,900 ይጠጋል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሲሄድ 16 ወይም 17 ሰዓት ይፈጅበታል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሙሉ ጭነትና ለዚያ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ይዞ መነሳት ይከብዳል። ስለዚህ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይሞላል። ሲመለስ የሚነሳው ከዝቅተኛ ቦታ ነው፤ ነፋሱም ከኋላ ይገፋዋል። 13 ሰዓት አካባቢ ይበቃዋል።

በኢስታንቡል 5 ሰዓት ተኩል፣ ከዚያ 11 ሰዓት ገደማ ነው። አየር ላይ የሚቆዩት ከኢትዮጵያው ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ መሀል ላይ ያለው ጥበቃ ነው። 3 ሰዓት ከሆነ ምንም አይል። 11 ሰዓት ከሆነ ግን ቲኬቱ ለምን እንደረከሰ ወንበር ላይ ተጋድመው ይገባዎታል። ዱባይ 4 እና 14 ሰዓት ነው፤ ዋጋው በጣም ካልወረደ አልመክርም።

ለአክስቴ የኢትዮጵያን መረጥኩ። የበር ቁጥር ፍለጋ የለም፣ ውሃ ስትፈልግም በአማርኛ ትጠይቃለች። ለራሴ ቢሆን ርካሹን አይቼ በኢስታንቡል እሄድ ነበር።

መነሻውስ? ባሕር ዳር ያለ ሰው ከባሕር ዳር እስከ ደለስ አንድ ቲኬት ይግዛ። ቦሌ ድረስ 1 ሰዓት ነው፣ ሻንጣውም ከዚያው ያልፋል። ማርቆስ ላይ ነው ነገሩ የሚያከራክረው። ባሕር ዳር 265፣ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአዲስ አበባው በኩል ደግሞ የዓባይ በረሃ ቁልቁለትና ዳገት አለ። በመኪና የሚሄድ ሰው አንድ ቀን ቀድሞ ገብቶ ይደር። ከባሕር ዳር የሚነሳ ቲኬት ገዝቶ «ቦሌ ላይ ልሳፈር» ማለት ግን አይሠራም። የመጀመሪያው በረራ ከቀረ የቀረውም ሊሰረዝ ይችላል።

ቲኬቱ ላይ ያለው ሰዓት የፈረንጅ ነው። 22:30 ካለ በእኛ ከምሽቱ 4:30 ነው። ክፉው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ነው። «ማክሰኞ 00:30» ማለት ለእኛ ሰኞ ሌሊት 6:30 ነው። ማክሰኞ ማታ ሻንጣውን እየጎተተ ቦሌ የደረሰ ዘመድ አለኝ። ስለዚህ የአክስቴ ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ፣ በትልቁ «ሰኞ ማታ 3 ሰዓት ቦሌ ግቢ» ብዬ ጻፍኩበት።