ከአራዳ ገበያ የገዛኋት ባለ አጭር ሞገድ ሬዲዮ

ይህችን ሬዲዮ ወድጃታለሁ። ሻጩ «ጋሼ፣ አንቴናዋን እስከ መጨረሻው ይሳቡትና መስኮት ዳር ያስቀምጧት» ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነው። ፒያሳ የምኖርበት ቤት የጣሊያን ጊዜ ግንብ ነው፤ ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ መሃል ክፍል ውስጥ ታንሾካሹካለች። መስኮቱ ላይ ስትወጣ ድምጿ ጥርት ይላል። ማዞሪያዋ ግን ይቸኩላል፤ ጣቢያ ለመያዝ በጣት ጫፍ ቀስ ማለት ይጠይቃል።

የገዛኋት የውጭ መንግሥታት በአማርኛ የሚነግሩንን ጎን ለጎን ለመስማት ነው። የታሪክ መምህር ነኝና ተማሪዎቼን «ከፋዩ ማን ነው?» እያልኩ እጠይቃለሁ። ዶይቼ ቬለ ከ1965 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአማርኛ ያሰራጫል፤ ገንዘቡ የጀርመን ግብር ከፋይ ነው። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ሞስኮም በአማርኛ ታወራን ነበር። የአሜሪካ ድምፅ በጀት የሚመጣው ከኮንግረስ ነው። የአገሪቱ ሕግ ግን ይህንኑ ዝግጅት እስከ 2013 (እ.ኤ.አ.) ድረስ አሜሪካ ውስጥ ማሰራጨትን ይከለክል ነበር። ታዲያ ሲጀመር የተሰናዳው ለእኛ ለውጭ ሰዎች ነው!

ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። ጎበዝ የሕዝብ ዲፕሎማሲ፣ ማለትም አንድ መንግሥት የሌላ አገር ሕዝብን በቀጥታ አነጋግሮ ልቡን ለመሳብ የሚሠራው ሥራ፣ አብዛኛውን ጊዜ እውነት ይናገራል። ተጽዕኖው ያለው የትኛው ዜና እንደሚቀድም፣ ማን እንደሚጠየቅና ምን እንደሚታለፍ ላይ ነው። ለዚህ ነው አንድ ጣቢያ ላይ ብቻ መቸከል የማልወደው፤ ልጆቼንም አጥብቄ የምመክራቸው ይህንኑ ነው።

ወደ ሬዲዮዋ ልመለስ። የባትሪ ድንጋይ ቶሎ አትጨርስም፣ መያዣዋም ጠንካራ ነው። ኤፍኤም ብቻ ለሚፈልግ ስልኩ ይበቃዋል። ማታ ማታ እያነጻጸረ ለሚያዳምጥ ግን ትመቻለች፤ ከመክፈላችሁ በፊት ሱቁ በር ላይ አጭር ሞገዱን አስከፍታችሁ ስሙ።