በአንድ ጆሮ በገና፣ በሌላው የሐኪሙ ድምፅ

ባለፈው ዐቢይ ጾም አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ አንድ የግል ሆስፒታል የቡአ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኛል። ስለ ሐኪሞቹ እጅ ብዙ የምለው የለኝም፤ ቁስሉ በጊዜው ደርቋል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላም ሥራ ገብቻለሁ። እዚህ መገምገም የፈለግሁት ሆስፒታሉ ከወገብ በታች ደንዝዘው ነገር ግን ነቅተው ለሚታከሙ ሰዎች ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚያቀርበውን የሙዚቃ አገልግሎት ነው።

ልብሴን ቀይሬ ተራዬን ስጠብቅ አንዲት ነርስ መጥታ «ጋሼ፣ ውስጥ ሲገቡ ምን ልክፈትልዎ?» ስትለኝ መጀመሪያ የቀለደች መስሎኝ ነበር። ወቅቱ ጾም ስለነበር በገና አልኳት።

ነቅቶ መታከም ምን እንደሚመስል ላልደረሰበት ሰው ማስረዳት ያስፈልጋል። ጎንበስ ብዬ ተቀምጬ ወገቤ ላይ መርፌው ከተወጋ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እግሮቼ ሞቁ፣ ከዚያም የሌላ ሰው እግር እስኪመስሉኝ ድረስ ከበዱ። ደረቴ ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ተጋርዶ ከጣሪያው በቀር የሚታይ ነገር ስላልነበረ ሥራው ሁሉ በጆሮ ላይ ወደቀ፤ መቀሱ የብረት ሳህን ላይ ሲጣል፣ ደም መምጠጫው ሲንፏፏ፣ የደም ሥር የሚያቃጥለው መሣሪያ ጢስ ሲል፣ ሁለቱ ሐኪሞች በመካከሉ ስለ መኪና ዋጋ ሲያወሩ አንድም አላመለጠኝም። ከሁሉ የከፋው ግን ሞኒተሩ ነው፤ ሰው የገዛ ልቡን ድምፅ ከውጭ ሲሰማ ይፈራል፣ ሲፈራ ልቡ ይፈጥናል፣ ሲፈጥን ደግሞ ያንኑ መልሶ ይሰማል።

የጆሮ ማዳመጫውን ያደረጉልኝ ግራ ጆሮዬ ላይ ብቻ ነው። ቀኙ ክፍት የተተወው የሰመመን ባለሙያው ሲያናግረኝ እንድሰማ ነው፤ ይህች ትንሽ ጥንቃቄ በእኔ ግምት የአገልግሎቱ ትልቁ ነገር ናት። በገና በአውታሩና አውታሩን በሚሸከመው በርኩማ መካከል በምትገባው እንዚራ በምትባል ቁራጭ ቆዳ የተነሳ የሚነዝር ወፍራም ድምፅ ስላለው የብረቱን ኳኳታ ዋጠልኝ። ዳዊት በገና ሲመታለት ሳኦል ያረፈው ለምን እንደሆነ የገባኝ እዚያ አልጋ ላይ ነው። ስገባ 108 የነበረው የልብ ምቴ 82 ደርሶ እንደነበር ባለሙያው ኋላ ነግሮኛል፤ ማደንዘዣውም ሆነ ሌላው መድኃኒት የራሳቸው ድርሻ ስላላቸው ግን ምስጋናውን ሁሉ ለበገናው ልሰጥ አልችልም።

ነገሩ አዲስ ፈሊጥ አይደለም። አሜሪካዊው የቀዶ ሐኪም ኢቫን ኬን በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ሸክላ ማጫወቻ ማስገባቱን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1914 ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ፣ 73 ጥናቶችንና 7,000 የሚጠጉ ታካሚዎችን ያጠቃለለ ምርመራም ሙዚቃ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሕመምንና ጭንቀትን፣ የማስታገሻ ፍላጎትንም እንደሚቀንስ፣ ሆስፒታል የሚቆዩበትን ጊዜ ግን እንደማያሳጥር አሳይቷል። ያው ጥናት ሙዚቃውን ታካሚው ራሱ መምረጡ ብዙ ለውጥ እንዳላመጣ ይናገራል። በዚህ ነጥብ አልስማማም ለማለት ሐኪም አይደለሁም፤ ሆኖም በዚያች ክፍል ውስጥ እኔ የወሰንኩት ብቸኛ ነገር የበገናው ምርጫ ስለነበር ዋጋው ለእኔ ቀላል አልነበረም።

ወደ ጉድለቱ ስመጣ፣ ድምፁ የሚከፈተው ኢንተርኔት ላይ ካለ የሠራተኛ ስልክ ነው። በገናው ተመስጦ ውስጥ ከቶኝ ሳለ የቆርቆሮ ማስታወቂያ በሙሉ ድምፁ ጆሮዬ ውስጥ ፈነዳ፤ ትከሻዬ ሲዘል ሐኪሙ «አይንቀሳቀሱ!» ብሎ ጮኸ። ስለት በእጁ ለያዘ ሰው ይህ የሚያስቅ ነገር አይደለም፣ ቀድሞ አውርዶ ማስቀመጥም የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። የማዳመጫው ስፖንጅም ከሰው ሰው ሲተላለፍ አንድ ተጥሎ የሚቀየር ሽፋን እንኳ አልነበረውም። ምርጫውም ጠባብ ነው፤ በማገገሚያ ክፍል አጠገቤ የተኙት የወሎ አባት መንዙማ ጠይቀው ስላልተገኘ ልጃቸው ከራሱ ስልክ ልኮ እንደተከፈተላቸው አጫውተውኛል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሐኪሙ መስፋት ሲጀምር በገናው አልቆ ዝም ሲል ነርሷ ጎንበስ ብላ «ልድገመው?» ስትለኝ ያለ ማመንታት ድገሚው ብያታለሁ። የሌላኛው ጎኔ ቡአ ከክረምቱ በኋላ እዚያው ሆስፒታል ተቀጥሮልኛል፤ አንድ ሰዓት ሙሉ የሚቆይ በገና ከአሁኑ ስልኬ ላይ አውርጄ አስቀምጫለሁ።