ደብረ ብርሃን ፍርድ ቤቱ አካባቢ ያሉት ማመልከቻ ጸሐፊ፣ ሰው ለጠፋባችሁ

ማመልከቻ ለማጻፍ ደብረ ብርሃን ለምትመጡ ነው ይህን የምጽፈው፣ በተለይ ሰው ጠፍቶባችሁ ለምትንከራተቱ። ጃንጥላ ዘርግተው ከሚቀመጡት ጸሐፊዎች መሀል በዕድሜ ትልቁ ናቸው፣ ጋቢ ደርበው ነው የሚቀመጡት፣ እኛ አባባ ነው የምንላቸው። ስላላስፈቀድኳቸው ስማቸውን አልጽፍም።

ታላቃችን ወንድም ጋሼ አምና መጋቢት ላይ ለፋሲካ በግ ሊገዛ ከሸሪኩ ጋር መንዝ፣ መሐል ሜዳ ሄዶ በዛው ቀረ። ሸሪኩ ብቻውን ተመለሰና "ጣርማበር ላይ ተለያየን፣ እሱ ወደ ደብረ ሲና ወረደ" አለን። በ3ኛው ቀን ከወንድም ጋሼ ስልክ ቴክስት ገባ፣ ደህና ነኝ ስራ አግኝቼ ነው እደውላለሁ ይላል። ፖሊስ ጋ ስንሄድ እሱን አዩና "በህይወት አለ፣ ትልቅ ሰው ነው፣ ጠብቁ" ብለው መለሱን።

አባባ ጋ የሄድነው በ9ኛው ቀን ነው። እያለቀስኩ "ሸሪኩ ገሎታል ብለው ይጻፉልኝ" አልኳቸው። እስክሪብቶውን አስቀመጡት። "አይተሻል ልጄ?" አሉኝ። አላየሁም አልኩ። "እንግዲያው ያየሽውን ንገሪኝ፣ እሱን እጽፋለሁ።" በጣም ተናድጄ ተነስቼ ነበር፣ እህቴ ናት ጎትታ ያስቀመጠችኝ። ከዛ ምን ለብሶ ነበር፣ ስንት ብር ይዞ ነበር፣ መጨረሻ የደወለው በስንት ሰዓት ነው፣ ማን አነሳው እያሉ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠየቁን። ቴክስቱን አሳዩኝ አሉ። በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነው። "ወንድማችሁ እንዲህ ይጽፋል?" ሲሉ ሁላችንም ዝም አልን፣ ወንድም ጋሼ እኮ ፊደል የቆጠረው ቄስ ትምህርት ቤት ነው፣ የእንግሊዝኛ ፊደል ጭራሽ አይለይም፣ ቴክስት ልኮም አያውቅም ሁሌ ይደውላል፣ እኛ ግን በህይወት አለ የሚለውን ስለፈለግነው አላሰብነውም ነበር። አባባ ይቺን ብቻ ለብቻዋ አንድ አንቀጽ አደረጓት፣ ሌላውን በቀንና በሰዓት አስከተሉ፣ ገደለ የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም፣ አንድ ገጽ ተኩል።

ማመልከቻውን የተቀበለው መርማሪ ቴክስቷ ጋ ሲደርስ ቆም ብሎ ደግሞ አነበባት። ከዛ ነው የስልኩ መረጃ የተጠየቀው፣ ስልኩ በዛ ቀን ደብረ ሲና አልነበረም። ፍለጋ የነበረው ወደ ነፍስ ግድያ ምርመራ ዞረ፣ ሸሪኩ ተያዘ፣ 14 ቀን 14 ቀን እያለ ጊዜ ቀጠሮ ተጠየቀበት። የአካባቢው ሰው በገመድ ገደል እየወረደ ፈለገ፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ሬሳ ግን እስከዛሬ የለም። አባታችን "ድሮ ቢሆን አውጫጭኝ ተቀምጦ አገሩ ሳይናገር አይበተንም ነበር" ይላል፣ አውጫጭኝ የሚለው አገሬው ተሰብስቦ ወንጀለኛውን የሚያወጣበትን የድሮ ጉባኤ ነው። ዐቃቤ ሕጉ ሬሳ ባይገኝም በሌላ ማስረጃ መክሰስ ይቻላል ብሎን አሁን ምስክር እየተሰማ ነው። ሰውየው አልተፈረደበትም፣ ስለሱ ሌላ አልጨምርም።

ሌላም ጊዜ ሄደናል። የወንድም ጋሼ ሚስት ልጆች ይዛ የባንክ ብሩን ማውጣት አልቻለችም፣ ሞቷል የሚል ወረቀት ከየት ታምጣ። አባባ ወሬው ከጠፋ 2 ዓመት ሲሞላው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 154 የመጥፋት ውሳኔ መጠየቅ እንደምትችል አስረዷት፣ ገና ስለሆነ ዛሬ አልጽፍልሽም ብለው ብሯን መለሱላት። እናታችን ደግሞ ፍታት ሳይኖር ለቅሶ አልቀመጥም ብላ እስካሁን ጥቁር አልለበሰችም፣ ለፍርድ ቤቱ ሲጽፉ "ሟች" እንዳይሉት ለመነቻቸው፣ "ደብዛው የጠፋው ልጄ" ብለው ጻፉላት።

ዋጋቸው ለአንድ ገጽ 200 ብር ነው፣ ከጎናቸው ካሉት ትንሽ ይበልጣል፣ ግን ይገባቸዋል። ችግሩ ወረፋ አለ፣ መቀመጫው አንድ አግዳሚ ብቻ ነው፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ጋቢ ያዙ። በእጃቸው ስለሚጽፉ ኮምፒውተር ቤት ወስዳችሁ ማስተየብ አለባችሁ፣ እኛ ያስተየብንበት ቤት ቀኑን አሳስቶብን ነበር፣ ሳትፈርሙ ቃል በቃል አስተያዩ። ከ2፡30 በፊት ድረሱ። ስልኩን፣ ፎቶውን፣ የመጨረሻ ቀን ያየውን ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ ቴክስት ካለ ደግሞ እንዳታጠፉት።